ሐጂ ይመርና ልጅ ያዘለችው ሳንቲም

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ ከባጃጅ ስወርድ የተመለሰልኝን ሳንቲም ባላበው እጄ ጨብጬ ጥቂት ተራመድኩ። መዳፌን ስከፍት የናስ ሽታው አፍንጫዬን አወደው። ወዲያው ሐጂ ይመር ትዝ አሉኝ።

ሐጂ ይመር ሰቆጣ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ጅዳ ከአንድ ገንዘብ መንዛሪ ዘንድ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ስለዚህ ካያቱ የወረሰውን ማርትሬዛ በመሐረብ ቋጥሮ ከሰሃላ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ወደ እሳቸው ነበር የሚሄደው። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይዘው ነጭ አቡጀዴ ላይ ያሳርፉታል፤ እጀታው በክር የተጠመጠመ ማጉያ መነጽራቸውን አስጠግተው ደጋግመው ያዩትና እውነተኛ ነው፣ ወይም አስመስለው የሠሩት ነው ይላሉ። ለዚህ ከማንም ምንም አይቀበሉም።

እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። አብራት የሠራች አንዲት የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሯ ስትመለስ ወርቅማ የአንድ ዶላር ሳንቲም ሰጠችኝ። ባንድ ፊቱ ልጅ ያዘለች ሴት፣ በሌላው የሚበር ንስር አለበት። ሴትዮዋ ገበያ የምትወጣ የእኛ አገር ሴት ትመስለኝ ነበር። እናቴ ወርቅ ነው ብላ ስላመነች ከቤት እንዳላወጣው አስጠነቀቀችኝ። እኔ ግን አንድ ማክሰኞ ተደብቄ ለሐጂ ይመር ወሰድኩላቸው።

«ወርቅ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ውስጡ መዳብ ነው፤ ላዩን ናስ አልብሰውታል። ባገሩ እንደ ማንኛውም ዶላር ይገበያዩበታል።» ከዚያ ንስሩን ሲያዩ ቆዩ። «ይህ ጭራው ግን… የላባው መስመር አንድ ባንድ ይታያል። ከዚህ በፊት ያየሁት የዚሁ ዓይነት ሳንቲም ጭራው ልሙጥ ነበር። እንዲህ ያለው ጥቂት ከሆነ ሰብሳቢዎች ብዙ ይከፍሉበታል። የሚያውቅ ወዳጅ አለኝ፤ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ይመጣል። እስከዚያ እኔ ጋ ይቆይ?»

«ይቆይልኝ» አልኳቸው። እንደ ትልቅ ሰው ስላማከሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴ ሳንቲሙን ፈልጋ ስታጣው ግን ቁጣዋን ፈራሁ። «ሐጂ ይመር ወሰዱብኝ» አልኳት።

እጄን እየጎተተች ሱቃቸው ደረሰች። «በእርስዎ ዕድሜ የልጅ ወርቅ ይቀማል?» ብላ ጮኸች። ገበያተኛው ከበበን። ሐጂ ይመር በጥጥ የጠቀለሉትን ሳንቲም ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጧት። ወደ እኔ ዞረው ጥቂት ጠበቁ። እውነቱን እንድናገር እንደነበር ያኔም ገብቶኛል። ዝም ስል «በይ እንዳትፈትጉት፤ ከተፈተገ ዋጋውን ያጣል» አሉኝ።

እናቴ ምክራቸውን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ቤት እንደገባን በአመድና በሎሚ ፈትጋ አብለጨለጨችው። አሁንም ቆሜ አየሁ።

ካደግሁ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሳንቲም ለሚሰበስብ ሰው አሳየሁት። ጭራው ላይ ሲደርስ ወደ ብርሃን አስጠጋው። «ይህ እኮ መጀመሪያ ከተሠሩት ጥቂቶቹ አንዱ ነው! ማነው እንዲህ የፈተገው? አብዛኛውን ዋጋ አጥባችሁ ደፍታችሁታል።» እኔን ያቃጠለኝ ዋጋው አልነበረም። በዚያው ሳምንት በወልድያ አድርጌ ሰቆጣ ገባሁ።

ሐጂ ይመር ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሱቁ ውስጥ ልጃቸው ዘሀራ ተቀምጣለች። አባቷ ሳንቲም ያዩ እንደነበር አነሳሁላት።

«ያዩ ነበር» አለች። «አንዲት የነርስ ልጅ ሌባ ካስባለቻቸው ወዲህ ግን የማንንም ሳንቲም በእጃቸው አልነኩም። ገበሬ ሲመጣ ‹ዓይኔ ደክሟል› ይሉታል። እኔንም ሊያስተምሩኝ ነበር፤ በዚያው ቀረ። ዛሬ እዚህ አገር የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት። የሌላ ሰው ስም ነገርኳት።