አባባ እድሪስን የጠረጠርንበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ፣ በአንድ ሞቃት የነሐሴ ቀን ቶሮንቶ በሙሉ መብራት ጠፋባት። ያኔ የምንኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነበር። ሊፍቱ ቆመ፣ ቧንቧው ደረቀ፣ እናቴም በመጀመሪያ ያደረገችው በሩን መቆለፍ ነበር። ኒውዮርክም እንደጨለመች ከአንድ ጎረቤት የባትሪ ሬዲዮ ሲሰማ፣ ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ኒውዮርክ ላይ እነዚያ ሁለት ሕንፃዎች ከወደቁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ከአፉ ያወጣው ግን አልነበረም። እናቴ ብቻ፣ «አላህዬ፣ የኛ ሰው አታድርገው» ስትል በሹክሹክታ ሰማኋት።

ሲመሽ ሙቀቱ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ስላለ፣ ሰው ሁሉ ግድግዳ እየዳበሰ በደረጃ ወረደና ሕንፃው ሥር ያለው ሣር ላይ ተቀመጠ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ከሚበላሽ ተብሎ ከሰል ተቀጣጠለ፤ የፓኪስታኑም የአፍጋኑም የእኛም ጭስ አንድ ላይ እየተደባለቀ ዓይናችንን አቃጠለው። አባባ እድሪስን በደንብ ያወቅኳቸው በዚያ ምሽት ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። እኛን ልጆቹን ፍሙ ዙሪያ ሰበሰቡንና ያወሩን ጀመር።

ያወሩን የአንበሳና የቀበሮ ነገር አልነበረም። በወጣትነታቸው አስመራ፣ አሜሪካኖች በነበራቸው የጦር ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበሩና፣ ተረታቸው አሜሪካ የተናጠችባቸው ቀኖች ናቸው። ሁሉንም ግን ያዩት ከቁርስ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ነው። ፕሬዚዳንቱ በጥይት በተገደለ ማግስት አንድ ግዙፍ ሳጅን ሳህኑን እንደያዘ መሀል ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ፣ እንቁላሉ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ሰባኪ የተገደለ ጊዜ ደግሞ፣ ማታ አብረው ካርታ ሲጫወቱ ያመሹ ወታደሮች ጠዋት ጥቁሩ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ተቀመጠ፤ በመካከላቸው ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶአቸውን ዋሉ። ሰው ጨረቃን በረገጠ ቀን እንደገና ተደባልቀው በሉ፤ ግን ለዚያን ቀን ብቻ ነበር።

መጨረሻ ላይ፣ በገዛ ቢሮው የሚነገረውን ሁሉ በድብቅ ሲያስቀዳ ስለኖረና በገዛ ድምፁ ተይዞ ሥልጣኑን ስለለቀቀው ፕሬዚዳንት ነገሩን።

«ኖ ዌይ!» አለ አንዱ ልጅ።

እኔም አላመንኳቸውም። «ራሱን ለምን ያስቀዳል?» አልኳቸው።

አባባ እድሪስ ፍሙን በእንጨት ገልበጥ አደረጉት። «ሰውን ሁሉ የሚጠረጥር ሰው፣ መጨረሻው ራሱን መሰለል ነው» አሉኝ።

መብራቱ ከመጣ በኋላም ወደ እሳቸው መሄዴን አልተውኩም። በጋው አልፎ ቅዝቃዜው ሲገባ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ቤታቸው እንሰበሰብ ነበር። ትልቁን መብራት አጥፍተው፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሽቦ ቀልቶ ፊታቸውን ከታች ሲያበራው ያወሩናል። እግረ መንገዳቸውንም ይጠይቁኛል። «አባትሽ ዛሬ በየት በኩል ሄደ? ቡፋሎን ያልፋል? ስንት ቀን ይቆያል?» እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።

አባቴ ከማል የትራክ ሾፌር ነበር፤ ዕቃ ጭኖ፣ ከድንበሩ ማዶ ባለችው ቡፋሎ ከተማ በኩል ወደ አሜሪካ ይመላለሳል። በዚያው ክረምት አንድ ቀን ድንበር ላይ ከመኪናው አስወርደው ሲጠይቁት ዋሉ፤ የት እንደሚሰግድ፣ ቤቱ ማን እንደሚመጣ፣ ደሴ ማን ዘመድ እንዳለው። ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ስለኔ ሁሉን ያውቃሉ» አላት እናቴን። «ማነው የነገራቸው?»

ከዚያ ጀምሮ ሥራውም አለቃውም ያስፈሩት ጀመር፤ ድንበር ላይ ደግመው ካስቆሙት አለቃው መንገዱን ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጥበት ያውቃል። በሳምንቱ የሆነ ጓደኛው መጥቶ፣ «ከታች ያሉት ሽማግሌ ከአሜሪካኖች ጋር ሲሠሩ የኖሩ አይደሉ እንዴ?» አለው። ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። አባቴ ጠራኝና ሽማግሌው ምን ምን እንደሚጠይቁኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ቤት ድርሽ እንዳትዪ።»

ልጅ የተከለከለውን ሰው በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። በሙቀት ኮት የሚለብሱት ለምንድን ነው? ለምን ብቻቸውን ይኖራሉ? ስልክ ሲያወሩ ለምን ድምፃቸውን ይቀንሳሉ? ሊፍት ውስጥ «ሀያትዬ፣ ደኅና ነሽ?» ሲሉኝ፣ የፎቆቹን ቁጥር እያየሁ መልስ አልሰጥም ነበር። የሌሎቹም ልጆች ወላጆች እንዲሁ ልጆቻቸውን አስቀሩ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቀን በራችንን አንኳኩ። አባቴ ከፈተና ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ግቡም አላላቸው።

«ከማል፣ ልጆቹ ቀሩብኝ። ያስቀየምኩት ሰው አለ?»

«ስለምሄድበት መንገድ ልጄን የሚጠይቋት ለምንድን ነው?» አላቸው አባቴ።

«ቡፋሎ ልጅ አለችኝ» አሉ አባባ እድሪስ። «ልትወልድ ነው። ስታልፍ ይዘኸኝ ሂድ ልልህ ፈልጌ፣ አፍሬ ነው።»

«ከአሜሪካኖች ጋር የኖሩ ሰው የእኔን ትራክ ምን ያደርጉታል?»

አሁን ገባቸው። «አስመራ ሳለሁ አንዱ አለቃዬ ለሸማቂዎች ወሬ ያቀብላል ብሎ አባረረኝ። ደርግ ሲመጣ የአሜሪካ ሰላይ ነህ ብሎ አሰረኝ። አሁን ደግሞ አንተ። ከማል፣ እኔ እኮ ሳህን ነበር የማነሳው።»

እናቴ ከውስጥ፣ «ኧረ ሰውየውን አስገባቸው!» ብላ ጮኸች።

አባቴ አስገባቸው፤ ግን አላመናቸውም። ሲሄዱ ለእናቴ፣ «እኔው ራሴ በትንሿ መኪናችን ይዣቸው እሄዳለሁ። ከድንበሩ ሰዎች ጋር የሚተዋወቁ ከሆነ እዚያው አየዋለሁ» አላት። ቅዳሜ ጠዋት ሄድን፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። አባባ እድሪስ ለአራሷ የሚሆን የገንፎ ዱቄት በነጭ ፌስታል ቋጥረው ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

ድንበሩ ላይ ለጥያቄ ወደ ቢሯቸው አስገቡን። አባባ እድሪስ ይጠቅመኛል ብለው አስመራ አሜሪካኖችን ማገልገላቸውን ተናገሩ፤ ይህን ሲሉ ግን የድንበር ጠባቂው ጥያቄ በዛ። ማን ቀጠረህ? ለምን ለቀቅህ? ለምን ታሰርክ? እሳቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ በየመልሱ መጨረሻ «ሰር» እያሉ ቆመው መለሱ። ትዕዛዝ የሚቀበል አስተናጋጅ ይመስሉ ነበር። ከዚያ አንዷ ጠባቂ ፌስታሉን ፈታችና ደንግጣ ወደኋላ አለች። ጓንት ያደረጉ ሰዎች መጡ። አሜሪካ ውስጥ በፖስታ የተላከ መርዛማ ዱቄት ሰው ገድሎ ስለነበር፣ ያኔ ነጭ ዱቄት ሁሉንም ያስፈራ ነበር።

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ገንፎ ምን እንደሆነ፣ አራስ ለምን እንደምትበላው፣ ቅቤው መሀል ላይ እንዴት እንደሚደረግ በእጁ እያሳየ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው አስረዳ። አልሰሙትም። በመጨረሻ ጮክ ብሎ፣ «ይሄ ሰው አባቴ ነው!» አላቸው።

ወረቀቶቻችንን አመሳከሩ። ስሙ አልተገናኘም። ይህም ሌላ ጥያቄ ሆነና እስከ ማታ አቆዩን፤ ከዚያ ዱቄቱን አስቀርተው መለሱን።

ስንመለስ የሐሚልተንን ከተማ ካለፍን በኋላ አባቴ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆመና ሻይ ገዝቶ መጣ። የአባባ እድሪስን ኩባያ ክዳን ከፍቶ፣ ስኳሩን አማስሎ በእጃቸው አስያዛቸው። «አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። እሳቸው ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ሀያት ርቧታል፣ ለሷ ግዛላት» አሉት።

በበጋው ልጃቸው ሕፃኑን አቅፋ ራሷ መጣች። እናቴ ገንፎውን እኛ ቤት አገነፋች። ቅዝቃዜው ሲመለስ እኔም ወደዚያ የማሞቂያ ብርሃን ተመለስኩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ ስል አባባ እድሪስ ሞቱ፤ መቃብር ውስጥ ወርደው ከተቀበሏቸው ሰዎች አንዱ አባቴ ነበር። የነገሩንን ቀኖች በኋላ በመማሪያ መጽሐፍ አገኘኋቸው፤ ዓመቱም የሰዎቹም ስም በትክክል ተጽፏል። ያ ሳጅን ግን የለም።

ዛሬ ይህን ለልጆቼ አወራላቸዋለሁ። ፍም የለኝም፤ የመኝታ ቤቱን ትንሿን መብራት ብቻ አበራለሁ። ገንፎው ጋ ስደርስ ይስቃሉ፤ አባቴ ሲጮኽ ዝም ይላሉ። ሲያልቅ ግን ሁልጊዜ ትልቋ ቀና ትልና፣ «ታዲያ ስለ አያቴ የነገራቸው ማን ነበር?» ትለኛለች።

ተረት ቢሆን ጠቋሚው መጨረሻ ላይ ይያዝ ነበር። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ይህን ጥያቄ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ዓመታት ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት መልስ አንድ ነው።

«ማንም አልነገራቸውም፤ የጠየቁት እኮ ስለማያውቁ ነው» እላታለሁ።

ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታየኛለች። አታምነኝም።