ከወርቃ ወዲያ የሠራሁት የወንድሜ ቤት

«ማዘር፣ እርስዎ እኮ የውጭ ዜጋ ነዎት» አለኝ የወረዳው የገጠር መሬት ባለሙያ፣ ምሥራች እንደሚነግር ሰው ፈገግ ብሎ። ማዘር ሲሉኝ ድሮም ደሜ ይፈላል። የውጭ ዜጋ ሲጨመርበት ደግሞ ጆሮዬ ጭው አለ። የተወለድኩት ጌዴኦ ውስጥ፣ ከወርቃ ከተማ ወዲያ፣ አባቴ በተከለው እንሰትና ቡና መሀል ነው። እትብቴ የተቀበረበትን ቦታ በጣቴ ላሳየው እችላለሁ። «አንተ ሳትወለድ እኔ የዚህን አገር ጭቃ ረግጬ ጨርሼዋለሁ!» አልኩት። እሱም እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተና «ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እውነቱን መሆኑ ይባስ አናደደኝ።

ሕግ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስዊድን ስኖር ቅጽ ስሞላ ነው የኖርኩት። ሥራዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር፤ የደከሙትን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል። ግን አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ምሳ በተነሣ ቁጥር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጡና «ወደ ቤት የምሄደው ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል። በየቀኑ። እኔም በየቀኑ «ትንሽ ቆይተው» እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነበር፤ የሚሄዱበት ቤት አልነበራቸውም። ያኔ ነው እኔ እንደሳቸው በር ላይ ተቀምጬ አልሞትም ብዬ የማልኩት። ጡረታ ስወጣ አባቴ መሬት ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቼ፣ እዚያው አርጅቼ፣ እዚያው ልቀበር። የፈለግኩት ይኸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ክላሰሬን ይዤ መጣሁ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሚመሰክር ቢጫ ካርድ አለኝ። የልደት ማስረጃ አለኝ። የቤቱን ንድፍ እንኳ በማስመሪያ አስምሬ አምጥቻለሁ። ቀበሌው ወረዳ ሂጂ አለኝ። ወረዳው ዞኑን ይጠይቁ ብሎ ዲላ ሰደደኝ። ዲላ ደግሞ ጉዳዩ የወረዳው ነው ብለው መለሱኝ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ክፍል ተከራይቼ ሁለት ወር ስመላለስ ወደ ወረዳው፣ ወደ ገደብ የሚያመላልሱት የሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ ለመዱኝ። «ዛሬም ፋይል ነው እንዴ እትዬ?» ይሉኛል። ሂድ አትበለው፣ እንዲሄድ ግን አድርገው የሚባለው ለኔ የተተረተ ነው የመሰለኝ።

በመጨረሻ ነገሩን እንደ ሰው ያስረዳችኝ ዲላ ያለች አንዲት የሕግ ባለሙያ ናት። ክላሰሬን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች። በቢጫ ካርዱ ከተማ ውስጥ ቤት ሊኖረኝ ይችላል። የገጠር መሬት ግን የዜጋ ነው፣ ያውም በግብርና ለሚተዳደር። በስጦታም በውርስም ወደኔ አይዞርም። ገበሬ ራሱ እንኳ በእርሻ መሬቱ ላይ የብሎኬት ቤት ልሥራ ቢል የመሬቱን አጠቃቀም ማስለወጥ አለበት፣ ፕላን ማጸደቅ አለበት፣ ለቡናው ጥላ የሚሆነውን ዛፍ ደግሞ ሳያስፈቅድ አይቆርጥም። የጭቃ ቤት ለመኖሪያው ቢሠራ ግን ቀበሌው አውቆት ይሠራል። «ዲላ ለምን አይሠሩም? ጥሩ ከተማ ነው እኮ» አለችኝ። ዲላን መቼ ጠላሁ! ግን ዘመድ በሌለበት ሰፈር በሬን ዘግቼ ብቻዬን ልቀመጥ ከሆነ፣ ስዊድን ምን አጎደለብኝ?

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አባቴ ሲሞት እናታችን፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ በስልክ ተነጋግረን፣ መሬቱ ሲመዘገብ የኔም ስም ከወንድሜ ጋር እንዲገባ ተስማምተን ነበር። ታዲያ ስሜ የት ሄደ? ወረዳ ተመልሼ መዝገቡ ይውጣልኝ አልኩ። ወጣ። የወንድሜ ስም አለ። ከሱ ሥር የኔ ስም ተጽፎ ተሰርዟል፤ በጎኑ ደግሞ «የውጭ ዜግነት ያላት» ተብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ይሄን ከቤተሰብ በቀር ማን ሊነግራቸው ይችላል?

ወንድሜ የወረዳው ግቢ ውስጥ እየጠበቀኝ ነበር። ወጥቼ ሰው በተሰበሰበበት ጮህኩበት። «አንተ ነህ! መሬቱን ለብቻህ ልትበላ ስሜን አሠረዝክ! በዚህ ምድር ላይ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነበርክ፣ አንተም ሸጥከኝ!» ባለጉዳዩ ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሞተር ጠራልኝና እቤቱ ወሰደኝ።

እቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አወረደና እጄ ላይ አስቀመጠው። እኔ ነኝ። ዜግነት የተቀበልኩ ቀን፣ ሰማያዊና ቢጫ ባንዲራ ይዤ፣ ጥርሴን አግጥጬ። የላክሁትም እኔው ነኝ። ዜግነቱን ለምን እንደወሰድኩ ታውቃላችሁ? በስደተኛ ወረቀት አገር ቤት መግባት አልችልም ነበር፤ እናቴ ስትታመም መጥቼ ማየት የምችለው በዚያ ፓስፖርት ብቻ ነው። ወደ ቤት ለመምጣት ብዬ የወሰድኩት ወረቀት ነው ከቤት ያስወጣኝ። ወይ ጣጣ!

ወንድሜ ያኔ ነገረኝ። መሬት ለኪዎቹ ሲመጡ እናታችን ቆጮ በአይብ አቅርባ፣ በልተው ሲጨርሱ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደች። ለእንግዳ ሁሉ ማሳየት ልማዷ ነበር። «ልጄ እኮ እዚያ አገር ዜጋ ሆነች!» አለቻቸው፤ ገና በልጅነቷ ከጌዴኦኛ ጋር እያደባለቀች በለመደችው አማርኛዋ። ሰዎቹ ተያዩ፣ መዝገቡን ከፈቱና ጻፉ። እሷ ደግሞ ኩራቷን እየጻፉላት ስለመሰላት መርቃ ሸኘቻቸው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን ያን ቀን ፎቶውን ይዤ ስንት ነገር አልኩ! አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ኋላ ያችን የሕግ ባለሙያ ስጠይቃት፣ እናቴ ዝም ብትልም ሕጉ ያው ነው አለችኝ፤ ሲደረስበት ማጭበርበር ይባልብኝ ነበር። እናም የምቆጣው ሰው አጣሁ። ንዴት መሄጃ ሲያጣ እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል። ወንድሜን ይቅር በለኝ ያልኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ እሱንም ፊቴን አዙሬ።

ነገሩ በመጨረሻ ሶንጎ ቀረበ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአካባቢውን ጉዳይ የሚያዩበት ሸንጎ ነው። እነሱም ወንድሜ ገበሬ ነው፣ በመሬቱ ላይ የመኖሪያ ቤት ይሥራ፣ እህቱ ዕድሜዋን ሙሉ ትኑርበት አሉ። «እሱ ቢሞትስ? ልጆቹ ውጪ ቢሉኝስ?» ብዬ ተነሣሁ። አንዱ ሽማግሌ ተቆጡ። «ይህ ሁሉ ሰው በጆሮው የሰማውን ማን ያፈርሰዋል? አንቺ ወረቀት ለምደሽ ሰው ማመን ረሳሽ እንዴ?» አሉኝ። በልቤ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልኩ ነው የወጣሁት።

ቤቱ የጭቃ ሆነ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። አንድ የቡና እግር እንዳይነካ ብለን የድሮው ቤታችን በነበረበት ቦታ ላይ አቆምነው። ግድግዳው ሳይመረግ የወንድሜ ሚስት ዙሪያውን እንሰት ተከለች፤ እንሰት የሌለው ቤት ባዶ ነው ብላ። እኔ ግን በበሩ ጉዳይ ከሁሉም ጋር ተጣላሁ። ሰፊ ይሁን፣ ደፍም አይኑረው አልኩ። አናጢው «በሬ ሊያስገቡበት ነው እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። «ተሽከርካሪ ወንበር ነው የማስገባበት! ነገ እግሬ እምቢ ሲለኝ አንተ ትመጣለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ወንድሜ ከጭቃው ቀና አለና «እኛ እንሸከምሻለን እኮ» አለኝ። ደግነቱም አናደደኝ። ለማንኛውም በሩ እኔ እንዳልኩት ሰፋ።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ቀበሌው ማስታወቂያ አወጣ፤ እቤቱ እንግዳ ያሳደረ አባወራ ሁሉ ያስመዝግብ ተባለ። ወንድሜ አፍሮ ነገረኝ። ኧረ በሕግ አምላክ! በገዛ ቤቴ? ግን ቤቱ የሱ ነው፣ ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ልብሴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ አብሬው ሄድኩ።

ጸሐፊው የእንግዳ መዝገቡን ከፈተ። ስም? ተናገርኩ። ከየት መጡ? «ከዚሁ» አልኩ፤ እሱ ስዊድን ብሎ ጻፈ። ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለዎት ዝምድና? እህት። የቆይታ ጊዜ?

«እስክሞት» አልኩት።

«ማዘር፣ እሱ አይጻፍም። ቁጥር ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲህ የምሞትበትን ቀን አንተ ታውቅ እንደሆነ ጻፈው!»

ልጁ አልተቆጣም። ሦስት ወር ብሎ ጻፈና በየሦስት ወሩ እየመጣሁ እንዳድስ ነገረኝ። ፈረምኩ። ማኅተም ግን ያስፈልጋል፣ ማኅተም ያዡ ደግሞ ምሳ ወጥቷል፤ ትንሽ ቆይተው ይመጣሉ፣ እዚያ አረፍ ይበሉ ተባልኩ።

አረፍ አልኩ። ወንበሩ በሩ አጠገብ ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ዝናብ ስላስፈራራኝ ካፖርቴን ለበስኩ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩና በሩ ላይ ወደቆመው ወንድሜ ቀና አልኩ።

«ወደ ቤት የምንሄደው ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የማን ቃል እንደሆነም አወቅኩ። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፤ ወንድሜ ግን ደንግጦ አጠገቤ መጣ፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ጣለው። በሕይወቱ ሲቆጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ማኅተሙን ሰኞ እኔ አስመታዋለሁ» አለ። «ተነሺ። አሁን ነው የምንሄደው።»