ጡት ያስጣለኝ እሬት

ቡታጅራ ባለው ግቢያችን፣ እናቴ አጥሩ ሥር የተከለችው እሬት በየዓመቱ ጥር ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። እኔ እሬት አልወድም። ሁለት ዓመት አልፎኝም ጡት አልተውም ስል ያስጣለችኝ የዚህኑ እሬት ጭማቂ ጡቷ ላይ ቀብታ ነው። እንዴት እንዳንገፈገፈኝና እንዴት እንደጮህኩ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይወራል፣ ይሳቅብኛል።

ዘንድሮ አጥሩን በብሎኬት ላሠራ ግንበኛ ጠራሁ። እሬቱ መነቀል ነበረበት። እናቴ ግን "ወፎቹ ሳይጨርሱ አይነካም" ብላ እሬቱ ፊት ቆመች። ግንበኛው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ተናደድኩ። አሁን ለወፍ ተብሎ ግንበኛ ይመለሳል?

እንዳኮረፍኩ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አውራ ጣቴን የምታክል አረንጓዴ ወፍ መጥታ አበባው ላይ ተንጠለጠለች። እንደ መርፌ የቀጠነ ቆልማማ ምንቃሯን ከታ ስትመጥ ጅራቷ ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ሌላ ተከተለቻት።

"ይሄን መራራ ነገር ምን ብለው ይጠጡታል?" አልኩ።

እናቴ አንድ አበባ ቀንጥሳ ሰጠችኝ። "እስቲ ምጠጪው።"

እየተጠራጠርኩ መጠጥኩት። ይጣፍጣል።

"ያኔም ቅጠሉ መርሮሽ ስታለቅሺ፣ ይሄን ነበር አፍሽ ውስጥ የማደርግልሽ" አለች። "ወዲያው ዝም ትዪ ነበር። እሱን ግን ማንም አያወራልሽም።"

በነጋታው ግንበኛው ደወለ። "ልምጣ?" አለኝ።

"ወፎቹ አልጨረሱም" አልኩት።