እኔን ሆኖ ካባ የሸጠው ሰው

የካህናት ካባ መስፋት የጀመርኩበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ሁሉ በእግር የሚዞርበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያ ቀን አሠሪዬ መቀስ አላስነኩኝም፤ የተበላሸ ስፌት ስፈታ ዋልኩ። ማታ ላይ "ነገም ና" አሉኝ። ተቀጠርኩ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቴ ትከሻ መለካትና ጠርዝ በወርቅማ ክር መጥለፍ ሆነ። ፊደል ለይቻለሁ፤ የስልክ መልእክት ማንበብ ግን ያደክመኛል። ስለዚህ መልእክት ሲመጣ ሱቅ ውስጥ ላገኘሁት ሰው ስልኬን እሰጠዋለሁ፣ ያነብልኛል። የሰፈራችን ሽማግሌ ሁሉ እንዲሁ ነው።

በቅርቡ አንድ ትሑት ድምፅ ደወለልኝ። "አባባ፣ ሱቅዎን በቴሌግራም በነፃ ልናስተዋውቅልዎት ነው" አለኝ። መታወቂያዬን ፊትና ጀርባውን፣ ንግድ ፈቃዴንም ጨምሬ በፎቶ አስላክሁለት። ቀጥሎ "አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" አለ። ልኩን ሊሰጥ የመጣ ዲያቆን ነበርና ስልኩን ሰጠሁት። ቁጥሩን እንደ ምስባክ ጮክ ብሎ አሰማው።

"አባባ፣ 'ለማንም አይስጡ' ይላል እኮ።"

"እሱማ ለሌባ ነው። ይሄ ጨዋ ልጅ ነው" አልኩት።

ጨዋው ልጅ በዚያው ቀን እኔን ሆነ። ስሜን፣ ባርኔጣ ያደረግሁበትን ፎቶዬን፣ ደንበኞቼን ወሰደ። ከእኔ ይልቅ ብዙ ትእዛዝ ይቀበል እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ከጣርማ በር በኩል አንድ የደብር አስተዳዳሪ መጡ።

"ንግሡ ደረሰ እኮ። ካባው የታለ?"

"የምን ካባ፣ አባ?"

"ቀብድ ላኩ ብለህ አልጻፍክልኝም? ምእመኑ አዋጥቶ ልኮልሃል።"

 ዕድሜ ልኬን ካህን ሳለብስ ኖሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በላ ተብዬ ልቀበር ነው።

አቤት ለማለት አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ወንበር ላይ የተደላደለው ወጣት "እርስዎ እርስዎ መሆንዎን የሚያሳይ የመታወቂያ ኮፒ ያምጡ" አለኝ።

"ኮፒውማ ሌባውም ጋ አለ። ከእሱ ልዋስ?" አልኩት። አልሳቀም።

ወደ ሱቅ ተመለስን። በረንዳዬ ላይ ስልክ የምትጠግን ሴት አለች፤ ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ መጠለያ ነው የምትኖረው። ነገሩን ስትሰማ ወደ አስተዳዳሪው ዞረች።

"አባቴ፣ አሁን ይጻፉለት። የት እንዳለ ይጠይቁት።"

ጻፉ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "አባ፣ ሱቄ ቁጭ ብዬ ካባዎን እየጨረስኩ ነው። ለክር ትንሽ ይጨምሩልኝ።"

አስተዳዳሪው ቀና ብለው አዩኝ። እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

"ይሄኛው ካንተ ይልቅ ሥራ ይወዳል" አሉ።

ሴትዮዋ በእኔው ሲም ካርድ ቴሌግራሜን አስመለሰች፣ ሌባውን አስወጣችው፣ ሁለተኛ የሚስጥር ቃል አስገባችበት። ባንክም ወስዳኝ ቀብዱ የተላከበትን የሌባውን ሒሳብ አስመዘገበችኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ለደንበኞቼ አንድ በአንድ አስደወለችኝ። የሄደው ቀብድ አልተመለሰም። ካባውን ግን ያለ ቀብድ ሰፋሁት፤ አስተዳዳሪው ለንግሡ ለብሰውት ምእመኑ ፊት "ገንዘባችንን የወሰደው ሌላ ሰው ነው፤ ይህን የሰፋው እሱ ነው" ብለው ተናገሩልኝ።

ለወጣት ሰፊዎች የምለው ይህን ነው። በስልክ የሚመጣ ቁጥር ለጨዋም አይነገርም። የመታወቂያ ኮፒ ስትሰጡ ለምን ጉዳይ እንደሰጣችሁ ላዩ ላይ ጻፉበት። ደንበኞቻችሁም ድምፃችሁን ሳይሰሙ ቀብድ እንዳይልኩ ንገሯቸው።

ያን ጊዜ ያሻገረችኝ በረንዳዬ ላይ ስልክ የምትጠግነው እታገኝ ናት።