ሳይነገር የከረመው መርዶ

ወንድሜ አዲስ አበባ ሲሞት እናቴ እኔ ጋ ነበረች፤ ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ። ልትጠይቀኝ መጥታ ልቧ ላይ ችግር ተገኘና ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ስልኩ ሲደወል ሳሎን ቁጭ ብላ ልብስ ታጣጥፍ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። ስወጣ "ሆድሽን አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

መርዶ የሚያረዳ ሰው ይዘው እንዲመጡልኝ ለእድራችን ሽማግሌ ደወልኩ። "ልጄ፣ ሰርጀሪ ልትገባ ላለች ሴት መርዶ ይነገራል እንዴ? ሰርጀሪው ይለፍ" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሰርጀሪው አለፈ። ከዚያ ቁስሉ ይጠግግ ተባለ፤ ከዚያ ጾሙ ይፈታ፤ ከዚያ ደግሞ በዓሉ አይበላሽባት። መርዶ የምናቆየው ለሰውየው አዝነን መሆኑ ይገባኛል። ግን ማዘኑ የሁሉም ሲሆን መዋሸቱ የእኔ ብቻ ሆነ። "ያ ልጅ ምነው ጠፋ?" ስትለኝ መስክ ወጥቷል፣ ኔትወርክ የለም፣ ስልኩን ተሰርቋል እላለሁ። አንድ ቀን "ተጣልታችኋል አይደል? ስትዋሺ እኮ ታስታውቂያለሽ" ብላኝ ከሟች ወንድሜ ጋር ልታስታርቀኝ ተነሳች። የዚያን ቀን ሽማግሌውንም፣ አገሩንም፣ እሷንም ጠላሁ።

ጥቁር ሻሼ የሚውለውም የሚያድረውም መኪናዬ ውስጥ ነበር። ግራንድ ፕሬሪ ወዳለው መጋዘን ሥራ ስሄድ አስረዋለሁ፤ ስመለስ ፓርኪንጉ ላይ ፈትቼ፣ ፊቴን አስተካክዬ እገባለሁ። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት ሻሹን አይታ "ማን ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ነገርኳት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ይዛኝ ሄደች።

የወሰደችኝ ደቡብ ዳላስ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ጥቁር ሴቶች እንደ አቅማቸው እያዋጡ የሰፈራቸውን ሰው ይደግፋሉ፤ የታመመ ያስታምማሉ፣ ቤት ኪራይ ያቃተውን ያግዛሉ። መጀመሪያ ግን ወንበሩን ክብ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ልቡ የከበደው ሰው ታሪኩን ያወራል። ማኅበሩን የመሠረተችው ጡረታ የወጣች አሮጊት ፀጉር ሠሪ ናት። "እዚህ ቼክ ሰጥተን ብቻ አንሸኝም፤ ቁጭ ብለን እንሰማለን" አለችኝ። ይሄማ እድር ነው አልኩ በልቤ፤ የእኛው እድር አፌን ዘግቶ፣ የእነሱ ሲያናግረኝ ግን ገረመኝ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አወራሁ። ማንም ምክር አልሰጠኝም፤ "እምም" እያሉ ብቻ ሰሙኝ። አሮጊቷ የወንድሜን ስም ጠየቀችኝ። ከሞተ ወዲህ ስሙን ድምፄን ከፍ አድርጌ የጠራሁት ያኔ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቅዳሜን እየጠበቅኩ ነበር የምኖረው። እናቴ አብራኝ እንደምትኖር ነገርኳቸው። አለማወቋን ግን አልነገርኳቸውም። ደብቄ አይደለም፤ መርዶ ማቆየትን ከመልመዴ ብዛት የሚብራራ ነገር ስላልመሰለኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ በር ተንኳኳ። እኔ ማዕድ ቤት ነበርኩ፤ እናቴ ከፈተች። ድምፅ ሲጠፋብኝ ወጣሁ። የማኅበሩ ሴቶች ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የተሸፈነ ምግብ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። "እናትሽ ብቻዋን ማዘን የለባትም ብለን ነው" አለችኝ አሮጊቷ፣ ለስለስ ባለ እንግሊዝኛ። በእነሱም ወግ ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ለካ።

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። አላስፈለጋትም። በማለዳ ተሰባስበው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ዝም ብለው በርሽ ላይ የሚቆሙ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ዕድሜ ልኳን ታውቃለች። ራሷም ስንት ጊዜ እንደዚያ ሆና የሰው በር ላይ ቆማለች። እጇን የደረቷ ስፌት ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"የትኛው ነው?" አለችኝ።

አገር ቤት ሌሎችም ልጆች አሏት። የአንዱን ስም እስክጠራ ድረስ ሁሉም ሞተውባታል። ሽማግሌው የሉ፣ ቄስ የለ፣ ዘመድ የለ። እኔው ጠራሁት።

አሮጊቷ የያዘችውን መሬት ላይ አስቀምጣ እናቴን ደገፈቻት። ሶፋው ላይ አስቀመጥናት። እናቴ በአማርኛ ልጇን እያነሳች አለቀሰች፤ ሴቶቹ ዙሪያዋን ቆመው "እምም" እያሉ ተቀበሏት። እኔ ልቧን ፈርቼ እጄን ከእጇ ላይ አላነሳሁም።

ትንሽ ጋብ ሲልላት "መቼ ነው?" አለችኝ።

"ከሰርጀሪው በፊት ነው እማዬ።"

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትረግመኝም ደስ ይለኝ ነበር።

"ታዲያ አንቺ ከማን ጋር አለቀስሽ?" አለችኝ።

"ከእነዚህ ጋር።"

እናቴ የቆሙትን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ ለአሮጊቷ ቦታ ለቀቀችላት።