ከቅቤው ስኒ አጠገብ የነበረው ጠርሙስ

የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ የበኩር ልጄ በወባ ታሞ ሲተኛ «ልጅ መያዝ የማታውቅ» ብላ ስሜን በሸዋሮቢት ሁሉ ያዞረች ሴት ናት። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ እንጂ አልረሳሁትም።

ሴት ልጄ የወለደች ጊዜ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ከጓዳ ስወጣ የሰባት ቀኑን ሕፃን ታቅፋ፣ የሚያብለጨልጭ ጣቷን ወደ አፉ ስታስጠጋ አየሁ። በእኛ ዘንድ ጨቅላ ቅቤ ይልሳልና ቅቤ መስሎኝ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ግን ቅቤ አለመሆኑን አወቅኩ። ላቬንደር ከሚባል መዓዛማ አበባ የሚወጣ ዘይት ነበር።

ዘልዬ እጇን ያዝኩ። «እትዬ፣ ይተዉ! ይሄ አይዋጥም!»

«እጄን ልትሰብሪው ነው እንዴ? ዘይት አይደል? ከቅቤ በምን ያንሳል?»

ሕፃኑ አልቀመሰም። እኔ ግን ጎረቤታችንን ነርሷን አስጠራሁ። እሷም ጠርሙሱን አይታ ደነገጠች። «ወደ አፍ ፈጽሞ! ለጨቅላ ቆዳውም ላይ አይደረግም። ትልቅ ሰው እንኳ ጠብታውን በምግብ ዘይት አቅጥኖ ነው የሚቀባው። ቆልፋችሁ አስቀምጡት።»

የባለቤቴ እህት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ አያያዝ ባነሳች ቁጥር ይህን ታሪክ በሰው ፊት አወራለሁ።

ልጄ ለእንቅልፏ ያመጣችውን ያን ጠርሙስ ከቅቤው ስኒ አጠገብ ያስቀመጥኩት እኔ መሆኔን ግን አልተናገርኩም። አሁን ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።