በእድር ወንበር ላይ የቀዘፍነው ጀልባ

«አንቺ ልጅ፣ ሐኪሞቹ ተሳስተዋል። ጡትሽን ትተው ምላስሽን ነው መቁረጥ የነበረባቸው።»

ይህን ያሉኝ ሞጣ፣ አንዲት ሲስተር በተከራየችው ግቢ ውስጥ ነው። እማማ እንላቸዋለን፤ ጡታችንን በካንሰር ካጣነው ስድስት ሴቶች ትልቋ ናቸው። ትንሿና ለፍላፊዋ እኔ። ጥፋቴ፣ «እማማ፣ እርስዎ ከፊት ከተቀመጡ እንኳን ዘንድሮ ለከርሞም አንደርስ» ማለቴ ነበር።

ቢቸና ውስጥ ሹሩባ ሠሪ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ስቀር፣ ጣቶቼ ከጭንቅላቴ ይሻላሉ ብዬ ጸጉር ቤት ገባሁ። ከዚያ ቀኝ ጡቴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ቀረ። ቁስሉ ዳነ፤ ቀኝ ክንዴ ግን ከትከሻዬ በላይ አልነሳ አለ። ለአሠሪዬ ወድቄ ተሰብሬ ነው አልኳት። ጡት መያዣዬ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቄ ስለምውል ማንም አልጠረጠረም። እሷም ውላ አድራ ቁርጡን ነገረችኝ፤ «የሠርግ ወቅት ሳይገባ እጅሽ ካልተመለሰ ወንበሩን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ።»

እሑድ እሑድ ሞጣ የምትሰበስበን ሲስተር ሐይቅ ዳር ያደገች ናት። «በሌላ አገር እንደናንተ ያሉ ሴቶች በአንድ ጀልባ አብረው ይቀዝፋሉ። ክንድ ያፍታታል፣ ብቸኝነትም ያስረሳል» አለችን።

«ሞጣ ሐይቅ የለ!» አልኳት።

«ወንበር አለ» አለችኝ።

ከእድር ሦስት አግዳሚ ወንበር ተዋስን። አንዱን ካንዱ ኋላ ደርድረን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ተቀመጥን። መቅዘፊያችን የመጥረጊያ እንጨት። ሲስተሯ ታጨበጭባለች፣ እኛ አየሩን እንቀዝፋለን። ለመጀመሪያ ጊዜ በተለማመድንበት እሑድ የጎረቤት ሴትዮ ወንበሮቹ ሲገቡ አይተው ኖሮ፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

«ማን ሞተ? ኧረ ንገሩኝ ማን ሞተ?»

«ገና ነን፣ እትዬ» አልኳቸው።

እማማ ዞረው የተናገሩኝን አልደግመውም፤ የምላሱ ነገር ከሱ ጋር ሲወዳደር ምርቃት ነው።

ሲስተሯ ከፊት የምትቀመጠዋን ሌሎቹ እንደሚከተሉ ነግራናለች። ፊት ያለችው ጉልበቷ የማይዋዥቅ፣ የማትቸኩል ትሁን አለች። እኔ እጄን አነሳሁ፤ ማለቴ እስከ ትከሻዬ። ማንም አልተቀበለኝም። ጀርባን ለታላቅ ሰጥቶ መቀመጥ የት አገር ነው? ስለዚህ ጉልበት ሳይጠየቅ እማማ ከፊት፣ አጠገባቸው አንዲት የሞጣ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ፣ እኔ መጨረሻ ወንበር። እንደ ትምህርት ቤት ረባሽ።

ከስንት እሑድ በኋላ ሲስተሯ ከዘመዷ ጀልባ ለመነችልንና በሚኒባስ ባሕር ዳር ወረድን። መንሳፈፊያ ጃኬት አለበሱን። ስናጠልቀው ስድስታችንም እኩል፣ የሞላ ደረት አወጣን። ነጋዴዋ ቁልቁል ራሷን አይታ፣ «ይኼን ለብሼ ሱቅ ብቀመጥስ?» አለች። እኔም ካልሲዬን በከንቱ እንዳንገላታሁት ገባኝ።

ጀልባው እድር ወንበር አይደለም፤ ይነቃነቃል። ቢሆንም ሲስተሯ ከዳር ሆና እያጨበጨበች ትንሽ ሄድን። ከዚያ ከሩቅ፣ ከደሴት ዛፍ መሀል የገዳም ጉልላት ታየ። እማማ መቅዘፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሳለም ጀመሩ። እሳቸው ሲያቆሙ ሁሉም አቆመ። ተከተሉ ተብለን የለ!

ነጋዴዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ ገዳሙ አይሸሽም እኮ» አለቻቸው።

«አንቺስ ስትሰግጂ ማን ቸኮለብሽ?» አሏት። ሳቀች፤ ጠበቀቻቸው።

እኔ ግን አልጠብቅም። ከኋላ ሆኜ ብቻዬን እቀዝፋለሁ። የሠርግ ወቅት እየደረሰ፣ ወንበሬ እየሄደ፣ ክንዴ ካልተፍታታ ጉድ ነው! ቀዘፍኩ፣ ቀዘፍኩ። ገዳሙ በስተቀኛችን አለፈ። ቀጥሎ ከተማው አለፈ። ቀጥሎ ሲስተሯ አለፈች። ቀጥሎ ገዳሙ ተመልሶ መጣ።

«ይኼ ጀልባ ተበላሽቷል!» ብዬ ጮህኩ።

«ጀልባውስ ደህና ነው» አሉ እማማ ሳይዞሩ። «አዟሪዋን ነው ማሠሪያ ያጣንላት።»

ዳር ስንደርስ አፌን ዘግቼ ወረድኩ። እማማ ግን ክንዴን ያዙኝ። «ነይ፣ ከፊቴ ተቀመጭ። ጀርባሽን ስጪኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ።»

ተመልሰን ገባን፤ ከፊት ተቀመጥኩ። የአዲስ ሹመት ነገር ሆኖብኝ እንደ እብድ ጀመርኩ። ሃያ ጊዜ እንኳ ሳልቀዝፍ ብብቴ ሥር እንደ ጅማት የሚወጥር ነገር ያዘኝና ክንዴ ሞተ። አቆምኩ። የቀሩት አምስት መቅዘፊያዎችም አብረው ቆሙ። ስድብ ጠበቅኩ።

«ምነው፣ አንቺም ልትሳለሚ ነው?» አለች ነጋዴዋ።

«ደክሞኛል» አልኩ። ይህን ቃል ከሕክምናው ወዲህ ለማንም ብዬው አላውቅም።

«ታዲያ ማን ተቆጣሽ?» አሉ እማማ።

ስጀምር በቀስታ ጀመርኩ። መጡ። ስቆም ቆሙ። እንዲህ እንዲህ እያልን ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ ሄደን ተመለስን። ዔሊ ብታየን ታዝንልን ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቢቸና አንዲት ደንበኛ ሹሩባ ልትሠራ ተቀመጠች። አራት ጉንጉን ሠርቼ ክንዴን አወረድኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች አሠሪዬ።

«እያረፍኩ ነው።»

«ይኼ ስብራት አይድንም እንዴ?»

«ስብራት አይደለም። ጡቴን በካንሰር ቆርጠውኝ ነው ክንዴ የያዘኝ።»

አሠሪዬ ማበጠሪያ እንደያዘች ደረቴን አየች፤ የትኛው ጡት ካልሲ እንደሆነ ስትለይ ታወቀኝ። ደንበኛዋ ግማሽ ራሷን በመስተዋት እያየች፣ «እግዜር ይማርሽ፤ ግን እንዲህ ሆኜ ልወጣ ነው?» አለች።

«አትወጪም። ቁጭ በይ።»

እያረፍኩ ቀጠልኩ። አሠሪዬ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ተናገረች። «እስከ ምሳ ትሠሪያለሽ። ከምሳ በኋላ ወንበሩ የሌላ ልጅ ነው። እሑድ ግን ሰው ስለሚበዛ ሙሉ ቀን ትገቢያለሽ።»

«እሑድ አልገባም።»

«ምን አለሽ እሑድ?»

«ሞጣ ልምምድ አለኝ።»

«የምን ልምምድ?»

«ቀዘፋ።»

«ሞጣ ላይ?»

የመጨረሻውን ጉንጉን ቋጠርኩ፣ ሽርጤን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩና ለነገው ልምምድ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።